ራስጌ

ይህችን መድኃኒት ዱሮ አውቃታለሁ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከራስጌ ቆሜ፣ በሰው ደም ሥር ሰድጃታለሁ።
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ መብራት ከድቶን ሄዶ፣
ጄኔሬተሩ ሲያስል ከግድግዳው ማዶ፣
«ቁጠሪ» እላለሁ። አንድ… ሁለት… ሦስት… ይላሉ፤
አራት ላይ ሲደርሱ፣ ዓይናቸው ሳይከደን፣ እነሱ ይሄዳሉ።
ሲመለሱም ጉድ ነው፤ «ጣራ ላይ ተኝቼ ጤፍ ሳበጥር» ትላለች፣
ሌላው «እጄ ረዝሞ ጮቄን ነካሁት» ይላል።
«ነቅቷል፤ ትንፋሹ ደህና ነው፤ ወደ ክፍል ይሂድ» ብዬ እጽፋለሁ፣
የት ደርሰው እንደመጡ ሳልጠይቅ አልፋለሁ።

ኋላ እኔ ራሴ ጠፋሁ።
«ምን ጎደለህ?» አሉኝ። ምንም አልጎደለኝም፤
ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ደመወዝ አይቀርም፣ ልጅ አልታመመም።
ብቻ ጧት ሲነጋ፣ ካልጋው ጠርዝ ላይ፣ ካልሲዬን ይዤ፣
አንዱን እግር አጥልቄ በሌላው ፈዝዤ፣
ጎረቤት ከብቱን አውጥቶ፣ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ፣
እኔ እዚያው።
«ዓይነ ጥላ ነው» ተባለ፤ ሁለት ሱባኤ ጸበል ገባሁ፤
ብርዱም እውነት ነበር፣ ጸሎቱም እውነት፤ አላማም።
«ድባቴ» አለ ሐኪሙ፤ ክኒኑ አንዱ ሲያስተኛኝ፣ አንዱ አፌን ሲያደርቅ፣
ሁለት ክረምት አለፈ፣ እኔና ካልሲዬ ሳንታረቅ።

እናም ማክሰኞና ዓርብ፣ በሌሊት ሚኒባስ፣
ቡሬና ቲሊሊ እንደተኙ፣ እንጅባራ ውርጩ መስታወት ሲልስ፣
ገደፋው ወንድሜ በጋቢው ከልሎኝ ባሕር ዳር እንገባለን።
ሽምብጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ግፊቴን ለኩ።
አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነገር ሰጡኝ፦
በቀኝ አፍንጫ አንዴ፣ በግራው አንዴ፣
አምስት ደቂቃ፣ እንደገና።
ምሬቷ ጉሮሮዬ ላይ ኮሶ ሆና ወረደች።
ገደፋው ጎንበስ አለና፦ «ሱረት ነው እንዴ?»
ደግሞ ዓርብ መሆኑ ትዝ ሲለው፦ «ጦም አያስገድፍም?»
ስሙ ገደፋው ሆኖ፣ ጭንቁ ስለ መግደፍ!
ሳቅሁ። ከስንት ጊዜዬ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
አራት ላይ እጄ ሩቅ አገር ሄደ።
ኮርኒሱ ተነፈሰ። መልአክ አልመጣም።
ያየሁት ይህን ነው፦ ያ ሁለት ዓመት የተሸከምሁት
እንደ ራሰ ጋቢ አጥር ላይ ተሰጥቶ
ይንጠባጠባል፤ ጠብ፣ ጠብ።
ቆዳዬ መስሎኝ ነበር፤
ለካ ልብስ ነው።

ሁለት ሰዓት ያቆዩኛል፣ ግፊቴ እስኪወርድ፣ ወለሉ እስኪረጋ።
ከዚያ ጥሩዓለም ትመጣለች፣ ወንበሯን ስባ፣
እንደ እኔ አትቆምም፤ ራስጌዬ ትቀመጣለች፣ እጇን አጣጥፋ።
ገደፋው ገበሬ ነው፣ ቶሎ ገባው፦
«ዝናቡስ ዘነበ። መሬት ስለራሰ ብቻ አያበቅልም፤
ገመሳ አለ፣ ድጋም አለ፣ ስልስ አለ»
ብሎ ወጣ፤ በሩን ዘጋልን።

በሦስተኛው ሳምንት ጠየቀችኝ፦ «ለምን አራት?»
«እ?»
«ስትቆጥር ሁሌ አራት ላይ ትቆማለህ።»
ሆድ ይፍጀው ያልሁት ነገር ነበረ፤
ሆድ አልፈጀውም፣ ሆዴን ፈጀው።
እንጉዳይ ትባላለች፤ ከቋሪት በቃሬዛ የመጣች።
«አራት» አለች። «አም…» አለች።
ከራስጌ ለቆመ ሰው ፊት ሁሉ ይገለበጥበታል፤
ፈገግታ ይሁን ልቅሶ እስከ ዛሬ አልለየሁም።
ልጇ ተርፏል። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባ አሉ።
ይህን ተናገርሁ። ጥሩዓለም ዝም አለች፤
ዝምታዋ አልከበደኝም።

ዳነ አትበሉኝ። ሐሙስ ሐሙስ አሁንም ይጨልማል፤
መድኃኒቷ ትሸሻለች፣ ጋቢው ትከሻዬን ይፈልጋል።
ባለፈው እሑድ ጧት ግን ሁለቱንም ካልሲ አጠለቅሁ፤
ገደፋው አይቶ ሳቀ፦
አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አንዲት የጅጋ ሴት ነቃች።
ካርዱን አነሳሁ፣ ብዕሩን ከፈትሁ፣
መልሼ አስቀመጥሁ።
«የት ነበርሽ?» አልኋት።
«መጀመሪያ ውሃ» አለች።
ውሃ ገና አይፈቀድም። ከንፈሯን በርጥብ ጨርቅ አረስሁላት፣
ወንበር ስቤ ራስጌዋ ተቀመጥሁ፣
ጠበቅሁ።